ሙሉ ቁጥርን በግማሽ፣ በሲሶ፣ በሩብ ማባዛት፦ ለልጅ በእጁ አስይዞ ማስረዳት

አራተኛ ወይም አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ «12 × 3» ሲሉት ሳያስብ 36 ይላል። «12 × 1/3» ሲሉት ግን እስክሪብቶው ይቆማል። አንዱ 36 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው 12/36፣ ሌላው ደግሞ ከ12 ላይ 3 ቀንሶ 9 ይልና ፊታችሁን ያያል። ሰንጠረዡን ስላልሸመደደ አይደለም። ማባዛት ከጀመረ ወዲህ ያየው መልሱ ሲያድግ ነው፤ አባዛ ተብሎ ያነሰ ቁጥር ሲወጣለት የሆነ ቦታ የተሳሳተ ይመስለዋል። በዚህ ላይ «ላዕልን በላዕል፣ ታህትን በታህት» የሚል ደንብ (ላዕል ከክፍልፋዩ መስመር በላይ ያለው፣ ታህት ከታች ያለው ቁጥር ነው) ብትጨምሩለት እስከ ፈተናው ቀን ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የለም።

ይህ አካሄድ አዳማ ውስጥ ልጆቻቸውን ማታ ማታ ለሚያስጠኑ ወላጆች፣ የቤት ሥራ ለሚያሳዩ ታላላቆችና ቤት ለቤት ለሚያስጠኑ ወጣቶች ይሆናል። ላዕላቸው 1 ከሆኑ ክፍልፋዮች አንወጣም፤ 1/2፣ 1/3፣ 1/4፣ 1/5 እያለ የሚሄደው ነው። 2/3 እና 3/4 ይቆዩ። እነዚህ በደንብ ከገቡ እነዚያ ብዙ አያደክሙም።

6 × 1/4 ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው

6 × 1/4ን «ስድስት ጊዜ ሩብ» ብሎ ማንበብ ይቻላል። ስድስት የሩብ ኪሎ ስኳር ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ ሲደመር ስንት ኪሎ ነው? ይህንኑ «የስድስት ሩብ» ብሎም ማንበብ ይቻላል። ስድስት ዳቦ አለ፤ ለአራት ሰው እኩል ሲከፈል የአንዱ ድርሻ ስንት ነው? የመጀመሪያው መሰብሰብ ነው፣ ሁለተኛው ማከፋፈል። የሁለቱም መልስ አንድ ተኩል ነው። ለልጅ ግን ሁለቱ ጨርሶ የማይገናኙ ጥያቄዎች ናቸው፤ አይፈረድበትም፣ አንዱ ላይ ዕቃ ይከማቻል፣ ሌላው ላይ ዕቃ ይቆረሳል።

አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ቀን ቀላቅሎ ከማስተማር ነው። ለየብቻ አስተምሯቸው፣ ኋላ አገናኟቸው። መሰብሰቡ ይቅደም። ልጁ ከሚያውቀው ማባዛት ጋር ሳይጣላ የሚገጥመው እሱ ነው፤ 6 × 4 ስድስት ጊዜ አራት ከሆነ፣ 6 × 1/4 ስድስት ጊዜ ሩብ ነው።

ዕቃው

ሁለት ኤ4 ወረቀት (ጠንከር ያለ ቢሆን ይመረጣል)፣ የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ መቀስ፣ 30 ቆርኪ ወይም 30 ፍሬ ሽምብራ፣ 30 እንቁላል የሚይዝ ባዶ ትሬ፣ ሁለት ሜትር ያህል ክር፣ አራት ሳህን። ሽምብራው ጥሬ ይሁን፤ የተቆላ ከሆነ ከሒሳቡ በፊት ያልቃል።

ከወረቀቱ ርዝመት ላይ 24 ሳንቲ ሜትር ለኩና ትርፉን ቁረጡ። ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ ስትቆርጡት ከአንድ ወረቀት ሰባት ጥብጣብ ይወጣል። አንዱ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ። የቀሩት ስድስቱ ለግማሽ፣ ለሲሶ፣ ለሩብ፣ ለስድስተኛ፣ ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ይሆናሉ። ግማሹ 12 ላይ ይቆረጣል፤ ሲሶው 8 እና 16 ላይ፤ ሩቡ 6፣ 12 እና 18 ላይ፤ ስድስተኛው በየ4፣ ስምንተኛው በየ3፣ አሥራ ሁለተኛው በየ2 ሳንቲ ሜትሩ። 24 የተመረጠው ለእነዚህ ሁሉ ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። ማስመሪያው እስከ 30 ስለሆነ 30 ይሁን ካላችሁ ሩቡ 7.5፣ ስምንተኛው 3.75 ላይ ያርፍና ለልጅ እጅ አይመችም። ሁለተኛውን ወረቀት በተመሳሳይ መንገድ ቁረጡ፤ ከአንድ ሙሉ በላይ ለሚሄዱት ጥያቄዎች ያስፈልጋል።

መለካቱንም መቁረጡንም ልጁ ይሥራው፣ ግን አንድ ነገር ተከታተሉ። ልጆች ማስመሪያውን ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ከዜሮ እያስጀመሩ፣ ቆርጠው እንደገና እየለኩ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ አሥራ ሁለተኛ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያጥር፣ አሥራ ሁለቱ ተደርድረው 24 ሚሊ ሜትር ያጥራሉ፤ ይህ ከአንድ ሙሉ ቁራጭ ይበልጣል። ልጁም 12 ጊዜ 1/12 አንድ ሙሉ አይሆንም ብሎ ይደመድማል፤ ዓይኑ ያየው ይህንን ነዋ። ማስመሪያው አንዴ ከተቀመጠ ሳይነሳ ሁሉም ምልክት ይደረግ፣ መቁረጡ ከዚያ ይከተል። ቁራጮቹ ላይ የሚጻፈው ክፍልፋዩ ብቻ ነው፤ ሳንቲ ሜትሩን አትጻፉ።

ለምን በእንጀራ አንጀምርም የሚል ይኖራል። እንጀራ ለሁለትና ለአራት ሲታጠፍ ጥሩ ነው፤ ሲሶና አንድ አምስተኛ ላይ ግን ክብ ነገር እኩል መክፈል ለትልቅ ሰውም ያስቸግራል። ሸንኮራ ደግሞ ከወንጂ በኩል እንደ ልብ ስለሚመጣ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፣ ግን ወጥመድ አለበት። አምስት አንጓ ያለው ሸንኮራ ስጡትና «አንዱ አንጓ የሸንኮራው አንድ አምስተኛ ነው?» በሉት። አብዛኛው ልጅ አዎ ይላል። ከዚያ ማስመሪያ ስጡት፤ ከሥሩ በኩል ያሉት አንጓዎች አጠር፣ መሀል ላይ ያሉት ረዘም ይላሉ። አምስት ቦታ መሆኑ አይበቃም፣ አምስቱ እኩል መሆን አለባቸው። ይህን አምስት ደቂቃ ከፈጀባችሁ አይቆጫችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሸንኮራው ይበላ።

መሰብሰቡ፦ ስድስት ጊዜ ሩብ

ሙሉውን ጥብጣብ ከላይ አስቀምጡ። ከሥሩ የሩብ ቁራጮችን አንድ በአንድ እየደረደረ ጮክ ብሎ ይቁጠር፦ አንድ ሩብ፣ ሁለት ሩብ፣ ሦስት ሩብ፣ አራት ሩብ። አራተኛው ላይ ጫፉ ከሙሉው ጫፍ ጋር ይገጥማል። እዚህ ላይ ቁሙና ይጻፍ፦ 4 × 1/4 = 4/4 = 1። ከዚያ አምስተኛውና ስድስተኛው ይጨመሩ፤ ሁለተኛው ሙሉ ጥብጣብ ከላይ ይቀጠልና የሩቦቹ ጫፍ መሀሉ ላይ ሲያርፍ ይታያል። 6 × 1/4 = 6/4፤ 6/4 ማለት 1 ሙሉ ከ2/4፣ ማለትም አንድ ተኩል ነው።

ማንኛውም ልጅ ሊገባው የሚገባው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ታህቱ የቁራጩ ስም ነው፣ ላዕሉ የቁራጮቹ ቁጥር ነው። «ስድስት እንቁላል ስንት እንቁላል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ይስቃል። «ስድስት ሩብስ ስንት ሩብ ነው?» ስትሉት መልሱ እዚያው ሳቁ ውስጥ አለ። ቁራጮቹ በመብዛታቸው ስማቸው አይቀየርም፤ ስለዚህ 4 ከታች እንዳለ ይቀመጣል፣ 1 የነበረው ላዕል 6 ይሆናል።

የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ልክ አንድ ሙሉ የሚሆኑትን ስጡ፦ 3 × 1/3፣ 8 × 1/8። ቀጥሎ ሙሉ የማይሞሉትን፦ 2 × 1/3፣ 4 × 1/8 (ግማሽ እንደሆነ ራሱ ቁራጮቹን ጎን ለጎን አድርጎ ያግኘው፣ አትንገሩት)። ከዚያ የሚያልፉትን፦ 3 × 1/2፣ 5 × 1/3፣ 7 × 1/4። መጨረሻ ላይ 12 × 1/4፣ ቁራጮቹ አንድም ሳይተርፍ ሦስት ሙሉ የሚሆኑበት። ለዚህኛው አራት የሩብ ቁራጭ ስለሚጎድላችሁ በሥዕል ይሥራው። ይህ ጥሩ ጊዜ ነው፤ ቁራጭ ሲያልቅበት ነው ልጅ ወደ ወረቀትና ወደ ጭንቅላቱ የሚሄደው።

የሰፈር ሱቅ ይህን ትምህርት በነጻ ያስተምራል። ስኳርም ቡናም በሩብ ኪሎ ይገዛልና ልጁ ሲላክ «ሦስት ጊዜ ሩብ ሩብ አድርገህ አምጣ፤ ስንት ኪሎ ይዘህ ትመጣለህ?» ብላችሁ ላኩት። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ሦስት ሰዓት ከሩብ» የሚል ልጅ 60 × 1/4 = 15 መሆኑን በአፉ ሲለው ኖሯል፤ ማገናኘት ብቻ ነው የቀረው።

የተሳሳተውን መልስ በማስመሪያ መለካት

6 × 1/4 ላይ ልጆች የሚያመጧቸው የተሳሳቱ መልሶች ሦስት ናቸው፦ 6/24፣ 1/24 እና 6 ከ1/4። «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ የጻፈውን መልስ በጥብጣብ እንዲሠራው አድርጉት። ጥብጣቡ 24 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 1/24 ማለት ልክ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያክል። 6/24 ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ከአንዱ የሩብ ቁራጭ ጋር እኩል ነው፣ ስድስት ሩብ ደርድሮ አንድ ሩብ አገኘ ማለት ነው። 6 ከ1/4 ደግሞ ስድስት ሙሉ ጥብጣብ ከአንድ ሩብ፣ 150 ሳንቲ ሜትር፣ ወለሉ ላይ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። እሱ የደረደራቸው ስድስቱ ሩቦች ግን ሲለኩ 36 ሳንቲ ሜትር ናቸው። አራቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክርክር አያስፈልግም።

የእያንዳንዱ ስህተት ምንጭ የተለያየ ነው። 6/24 የሚጽፈው ልጅ የአቻ ክፍልፋዮችን ደንብ (ላይም ታችም በአንድ ቁጥር ማባዛት) እዚህ አምጥቶታል። ትምህርቱን ያስታውሳል፣ ቦታውን ነው የሳተው፤ ስለዚህ 1/4 እና 6/24 አቻ መሆናቸውን አሳዩትና «ታዲያ በስድስት አባዛኸው ወይስ እንዳለ ተውከው?» በሉት። 1/24 የሚጽፈው ከታች ያለው ቁጥር ሲያድግ ክፍልፋዩ ያደገ ይመስለዋል። እሱ ወደ ኋላ ተመልሶ 1/4ን እና 1/8ን ማወዳደር አለበት፤ ማባዛቱን ለጊዜው አቁሙት። 6 ከ1/4 የሚጽፈው ግን ብዙ ጊዜ የጽሕፈት ችግር ነው ያለበት። ክፍልፋዩን በሰያፍ መስመር ይጽፋል፣ የማባዣ ምልክቷ ትጠፋለች፣ በሚቀጥለው መስመር ላይ ራሱ የጻፈውን ድብልቅ ቁጥር ነው ብሎ ያነባል። ካሬ ባለው የሒሳብ ደብተር ላይ ክፍልፋይ ሁለት ካሬ ቁመት ይያዝ፣ መስመሩ አግድም ይሁን፣ ማባዣዋ የራሷ ካሬ ይኑራት። ይህ ብቻ የሚያስቀረው ስህተት ቀላል አይደለም።

ማከፋፈሉ፦ የ30 አንድ አምስተኛ

ባዶው የእንቁላል ትሬ አምስት በስድስት ሆኖ 30 ጉድጓድ አለው። ሁሉም ውስጥ ቆርኪ ይግባ። «የ30 አንድ አምስተኛ» ማለት 30ው ለአምስት እኩል ድርሻ ሲከፈል አንዱ ድርሻ ነው በሉና ልጁ በክር ይከፋፍለው። ክሩ በረድፎቹ መካከል ሲያልፍ አምስት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 6 ቆርኪ ይታያል። ትሬውን አዙሩት፤ አሁን ስድስት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 5፦ 30 × 1/6 = 5። ከዚያ ሲሶ (ሁለት ሁለት ረድፍ፣ 10)፣ ከዚያ ግማሽ (ሦስት ረድፍ፣ 15)። አንድ አሥረኛ በረድፍ ስለማይወጣ ያስቸግራል፤ የአምስተኛው ድርሻ ግማሽ መሆኑን ካየ 3 ይላል።

እዚህ ቦታ ላይ የሚመጣ፣ ለመያዝም የሚያስቸግር ስህተት አለ። ለልጁ 18 ቆርኪ ስጡትና «አንድ ሦስተኛውን አሳየኝ» በሉት። አንዳንዱ ሦስት ሦስት እያደረገ ይቆልላል፣ ስድስት ቁልል ይወጣል፣ ቁልሎቹን ቆጥሮ «6» ይላል። መልሱ ትክክል ነው። የሠራው ግን 18 ውስጥ ስንት ሦስት እንዳለ ነው፣ የ18ን ሲሶ አይደለም። ደብተሩ ላይ 6 ብቻ ስለሚታይ ማንም አያገኘውም፤ ቲቸርም ታርማለታለች። መፍትሔው «ስንት ነው?» ማለቱን ትቶ «አንዱን ድርሻ በእጅህ አንሳና አሳየኝ» ማለት ነው። የተምታታበት ልጅ ሦስት ቆርኪ ያነሳል። የገባው ስድስት ያነሳል።

ለተምታታበት ልጅ ሳህኖቹን አውጡ። ቆርኪው ሳይነካ በፊት ሦስት ሳህን ይደርደር፤ ታህቱ 3 ስለሆነ ሳህኑ ሦስት ነው። ከዚያ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ እያለ ያድል። ቆርኪው ሲያልቅ አንዱን ሳህን ያንሳ። ይህ «ሳህን መጀመሪያ» የሚለው ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ታህቱ የድርሻውን ቁጥር እንጂ በድርሻው ውስጥ ያለውን ብዛት እንደማይነግር በቃል ከማስረዳት በላይ ይሠራል። «አንድ አምስተኛ» ሲባል አምስተኛው ጉድጓድ ላይ ያለችውን አንዷን ቆርኪ የሚያነሳም አለ፣ በተለይ ክፍልፋይን ገና የጀመረ። ለእሱም መድኃኒቱ ያው ሳህን ነው።

ትሬ ያላገኘ የለስላሳ ሳጥን ይጠቀም፤ 24 ጠርሙስ የሚይዘው አራት በስድስት ነው፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ ስድስተኛና ስምንተኛው ሁሉ ያለ ቀሪ ይወጡለታል። ከጳጉሜ በስተቀር ሁሉም ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የቀን መቁጠሪያም ይሠራል፦ የወር ሲሶ 10 ቀን፣ የወር አንድ አምስተኛ 6 ቀን። የፈረንጆቹን ወር ይዞ ይህን ማስተማር ፈተና ነው፤ እኛ እዚህ ላይ ተመችቶናል።

ሁለቱን ማገናኘት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት፤ ሌላው ሁሉ የተሠራው ለዚህ ነው። ስድስት ትንንሽ ዳቦና አራት ሳህን አቅርቡ (ዳቦ ከሌለ ስድስት እኩል አራት ማዕዘን ወረቀት)። ጥያቄው «ስድስቱ ዳቦ ለአራት ሰው እኩል ሲከፈል የአንዱ ድርሻ ስንት ነው?» የሚል ነው፤ የስድስት ሩብ ማለት ነው። ልጁ ብዙ ጊዜ አንድ አንድ ሙሉ ያድልና በቀሩት ሁለቱ ይቸገራል። ለጊዜው ሌላ መንገድ እንሞክር በሉት። የመጀመሪያው ዳቦ ለአራት ይቆረስና ለእያንዳንዱ ሳህን አንድ ሩብ ይግባ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ስድስተኛው ዳቦ ሲያልቅ አንዱን ሳህን አንስቶ ይቁጠር፦ ስድስት ሩብ።

አሁን ዝም በሉ። ሳህኑ ላይ ያለው ከስድስቱ ዳቦ አንድ አራተኛው ድርሻ ነው፤ ሳህኑ ላይ ያለው ስድስት ጊዜ ሩብ ነው። ብዙ ልጅ ይህን ራሱ ይለዋል፣ ካላለው «ባለፈው በጥብጣብ ስድስት ሩብ ደርድረን ምን አገኘን?» ብላችሁ አስታውሱት። ከዚያ አራቱን ሩብ ገጥሞ አንድ ሙሉ፣ የቀሩትን ሁለቱን ገጥሞ ግማሽ ያድርግ። አንድ ተኩል። መጀመሪያ የጀመረው መንገድም (አንድ አንድ ሙሉ ሰጥቶ የቀሩትን ሁለት ዳቦ ለሁለት ለሁለት መቁረስ) እዚያው እንደሚያደርሰው አሳዩት፤ ሐሳቡ ስህተት አልነበረምና ሳይመለሱበት መቅረት ልክ አይደለም።

በ4 ዳቦና በሦስት ሳህን፣ በ5 ዳቦና በሁለት ሳህን ይድገመው። ውጤቶቹ 1 ከ1/3 እና 2 ከ1/2 ናቸው።

ደንቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ በልጁ አፍ ቢሆን ይሻላል፦ በ1/4 ማባዛት ለ4 ማካፈል ነው። በ1/7 ማባዛት ለ7 ማካፈል ነው። እዚህ ደረጃ ላይ 63 × 1/7 ቆርኪ አያስፈልገውም፣ 63 ለ7 ብሎ 9 ይላል። መልሱ ለምን እንዳነሰም አይገርመውም፤ አንድ ድርሻ ብቻ ነው የወሰደው።

ግን ከማስላቱ በፊት ግምት ይጠየቅ። «30 × 1/4 ከ30 ይበልጣል ያንሳል? ከ15ስ? ከ10ስ?» ይህችን ጥያቄ የለመደ ልጅ 120 ብሎ ጽፎ አያልፍም።

ቀሪ ሲመጣ

30 × 1/4 ሆን ተብሎ የሚሰጥ ጥያቄ ነው። 30 ለ4 ሲካፈል 7 ደርሶ 2 ይቀራል። አስርዮሽ የጀመረ ልጅ 7.2 ብሎ ይጽፋል፤ ቀሪውን ከነጥብ ኋላ ማስቀመጥ ብቻ ይመስለዋል። ቀሪዋ 2ም ለአራት መከፈል እንዳለባት ነው የረሳው። ሁለት ለአራት 2/4 ነው፣ ስለዚህ መልሱ 7 ከ2/4፣ ማለትም 7 ተኩል ነው፤ በአስርዮሽ 7.5። በአራት እጥፍ መልሶ ይፈትሸው፦ 7.5 አራት ጊዜ 30 ይሆናል፣ 7.2 አራት ጊዜ ግን 28.8 ነው።

እንቁላል ላይ ግን ሰባት ተኩል የሚባል ድርሻ የለም። ለእያንዳንዱ 7 ይደርሰውና 2 እንቁላል ይተርፋል። የኮንትራት ባጃጅ ሦስት ሰው ሆነው 100 ብር ሲከፍሉም የአንዱ ድርሻ 33 ብር ከ1/3 ነው፤ እውነተኛው አከፋፈል ግን ሁለቱ 33፣ አንዱ 34 ነው። ልጁ ሁለቱንም ይወቅ፦ የሒሳቡ መልስ አለ፣ ጥያቄው ስለምን እንደሆነ የሚወስነው መልስ አለ። ዳቦ፣ ዘይት፣ ሰዓት፣ መንገድ ይቆረሳሉ። ሰው፣ እንቁላል፣ ወንበር አይቆረሱም። ጥያቄ ስታወጡም ይህን ለዩ፤ «የ10 ተማሪዎች ሩብ» ብሎ ጠይቆ 2 ተኩል ተማሪ መቀበል የልጁ ጥፋት አይሆንም።

ከአዳማ የሚወጡ ጥያቄዎች

ቁጥሩ ከፍ ሲል ልጆች የሚያውቁት ነገር ቢሆን ይበረታሉ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች ለዚህ የተመቹ ናቸው። የአዳማ አንድ ማመንጫ 34፣ የአዳማ ሁለት 102 ተርባይን አለው። 102 × 1/3 ያሰላ፤ 34 ይመጣል። ስለዚህ አንደኛው የሁለተኛው ሲሶ ነው። ሁለቱ ተደምረው 136 ናቸው፤ 136 × 1/4 እንደገና 34 ነው። እዚህ ላይ «ሲሶ ነው ወይስ ሩብ?» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ይነሳም፦ የሁለተኛው ሲሶ፣ የድምሩ ሩብ። ክፍልፋይ ሁልጊዜ የምን እንደሆነ ካልተባለ ትርጉም የለውም፤ ይህን ከተርባይኖቹ በላይ በቀላሉ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ የለም።

በርታ ላለ ልጅ አንድ ጨምሩለት። እያንዳንዱ ተርባይን አንድ ሜጋ ዋት ተኩል ነው። የ34ቱ ኃይል ስንት ነው? 34 ጊዜ አንድ 34፣ 34 ጊዜ ግማሽ 17፣ ድምሩ 51 ሜጋ ዋት። የ102ቱ ደግሞ 102 ከ51፣ 153። የ153 ሲሶም 51 ነው፤ የተርባይኖቹ ቁጥር ሲሶ ከሆነ ኃይሉም ሲሶ መሆኑ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ራሱ ካገኘው ደግሞ የበለጠ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው የክፍያ መንገድ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ አምስተኛው 17 ኪሎ ሜትር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በሩብ ሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ20 ደቂቃስ? 20 ደቂቃ የሰዓት ሲሶ ነው፣ 80 × 1/3 ደግሞ 26 ከ2/3። መንገድ ስለሆነ ቀሪው ይቆረሳል።

ወደ 2/3 ለመሄድ ደርሷል?

በአንድ ቁጭታ ከ25 ደቂቃ በላይ አትሂዱ፤ መሰብሰቡና ማከፋፈሉ በአንድ ምሽት አይደረጉ። ሁለቱ ከተገናኙና ደንቡ ከተገኘ በኋላ፣ አንድ ሁለት ቀን አሳልፋችሁ፣ ያለ ቆርኪና ያለ ጥብጣብ አራት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ 8 × 1/4 ከ8 ያንሳል ይበልጣል፣ ለምን? ሁለተኛ፣ 5 × 1/8ን ሳልልኝ። ሦስተኛ፣ ስድስት ዳቦ ለአራት ሰው ሲከፈል ለምን ስድስት ጊዜ ሩብ እንደሚደርስ አስረዳኝ። አራተኛ፣ 56 × 1/8 ስንት ነው?

አንደኛውን ከሳተ ወደ ሳህኖቹ ተመለሱ። ሁለተኛውን ከሳተ አምስት እኩል ቁራጭ ስሎ ይሆናል፣ ስምንት ከፍሎ አምስቱን ማቅለሙን ገና አላወቀውም፤ ጥብጣቡን እንደገና ይደርድር። ሦስተኛውን በቃል ማስረዳት አቅቶት በእጁ ግን እየቆረሰ ካሳየ በቂ ነው፣ እለፉ። አራተኛውን ብቻ ከሳተ ችግሩ ክፍልፋይ ላይ አይደለም፤ የ7ና የ8 ሰንጠረዥ ይከለስ።